የእልፍኝ ሙዚቃ ከሱቅ መስኮት ጀርባ

በምዕራባውያን የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ዘንድ የማያረጅ ቀልድ አለ። ሽንኩርትና ቪዮላ ምን ይለያቸዋል? ሽንኩርት ሲከተፍ ሰው ያለቅሳል፤ ቪዮላ ቢከተፍ ግን የሚያለቅስለት የለም። እንዲህ ያሉት ቀልዶች ብዙ ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያውቋቸውና ለሰው የሚያወሯቸው ደግሞ ራሳቸው ቪዮላ ተጫዋቾቹ ናቸው። ሌላው ሳይስቅባቸው ቀድመው በራሳቸው እየሳቁ ይሁን ወይም የምር አስቋቸው፣ እነሱ ያውቃሉ።

ቪዮላ ከሩቅ ላየው ቫዮሊን ነው። አገጭ ሥር ይያዛል፣ አራት ክር አለው፣ በደጋን ይገዘገዛል። ቀረብ ሲሉት ግን ሣጥኑ ሰፋ፣ ድምፁ ወፈር ይላል። የቫዮሊን ሣጥን ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የቪዮላ ከ38 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክሮቹ ከቫዮሊን ዝቅ ብለው ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። በስሌት ከሄዱበት ለዚህ ቅኝት የሚመጥነው ሣጥን የቫዮሊንን አንድ ጊዜ ተኩል መሆን ነበረበት፤ ያን ያህል ቢሠራ ደግሞ አገጩ ሥር ሊይዘው የሚችል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ቪዮላ ሊሆን ከሚገባው አንሶ የተሠራ መሣሪያ ነው። ያ ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው፣ ማለዳ ተነሥቶ ጉሮሮውን ገና ያልጠረገ ሰው ዓይነት ድምፁ የመጣው ከዚሁ ነው።

ኳርቴት በሚባለው የአራት ሰዎች ጨዋታ ውስጥ ቦታው መሀል ነው። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛው ቫዮሊን ነው፤ መሠረቱን ቼሎ ይይዛል። ቪዮላ በሁለቱ መካከል ሆኖ አንዱን ከሌላው ያስታርቃል። አድማጩ ልብ አይለውም እንጂ ደስታ የነበረውን ሙዚቃ በቅጽበት ወደ ትካዜ የምትለውጠው አንዲት ድምፅ በብዙ ቦታ ያለችው እሱ ጋ ነው።

ይህን ቦታ ፈልገው የተቀመጡበት ታላላቅ ሰዎች አሉ። በ1784 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ቪየና ውስጥ በአንድ ቤት ሃይድን ቫዮሊን፣ ሞዛርት ቪዮላ ይዘው አብረው እንደተጫወቱ በግብዣው ላይ የነበረው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ማይክል ኬሊ ጽፎ ትቷል። ቤትሆቨን በወጣትነቱ በቦን ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ተጫዋች ነበር። ድቮርዣክ ስሙ ሳይገን ለዓመታት ፕራግ ውስጥ እንጀራውን የበላው በቪዮላ ነው። ሙዚቃን ከውስጥ ሆኖ ለሚሰማ ሰው መሀል መቀመጥ ሳይመች አይቀርም።

ከመሀል ወንበር የተነሡ ወጣት ሙዚቀኞች ከአዳራሽ ውጪ ስለሠሩት ሥራ ለመናገር ከአንድ ከተማ መጀመር ይሻላል። ሴባስቲያን ሩት በ1997 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ የቫዮሊንና የቪዮላ ተጫዋች ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው በአሜሪካ በቆዳ ስፋት የመጨረሻዋ በሆነችው ግዛት፣ በሮድ አይላንድ ዋና ከተማ በፕሮቪደንስ ነው። በከተማዋ ኮረብታ ላይ ዩኒቨርሲቲውና ያማሩ አሮጌ ቤቶች አሉ። ከማዶ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ በጌጣጌጥና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይተዳደሩ የነበሩ፣ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ አብረው የደከሙ ሰፈሮች አሉ። ከነዚህ አንዱ ዌስት ኤንድ ይባላል። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከጓቴማላ፣ ከላይቤሪያ፣ ከካምቦዲያ የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖሩበታል።

በዚያ ዕድሜ ያለ ጎበዝ ተጫዋች የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ኮንሰርቫቶሪ የሚባለው የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ለኦርኬስትራ ፈተና ይቀርባል፣ ለአንዲት ወንበር ከብዙ ሰው ጋር ይሻማል፣ ካልተሳካለት ለሠርግና ለቀብር እየተጠራ ተራውን ይጠብቃል። ሩት በዚህ መንገድ አልሄደም። ከዩኒቨርሲቲው የሕዝብ አገልግሎት ማዕከል አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ አግኝቶ ዌስት ኤንድ ውስጥ ለጥቂት ልጆች በነፃ ማስተማር ጀመረ። ኮሚዩኒቲ ሚዩዚክወርክስ የተባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው።

ሐሳቡ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመክፈት ይሰፋ ነበር። ፕሮቪደንስ ስትሪንግ ኳርቴት የሚባል የአራት ሰዎች ቡድን አቋቁሞ፣ ሰፈሩ ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለው እንዲሠራ አደረገ። ቡድኑ ዌስትሚኒስተር በሚባለው ጎዳና ላይ ለሱቅ የተሠራ ባለ መስታወት ቤት ያዘ። ተጫዋቾቹ የሚለማመዱትም፣ የሚያስተምሩትም፣ ቢሯቸውም እዚያው ሆነ። ለሸቀጥ ማሳያ የተሠራው መስኮት የሃይድንን ልምምድ ማሳያ ሆነ ማለት ነው፤ የዓሥር ዶላር ዕቃ ሊገዛ የወጣ መንገደኛ አራት ሰዎች ስለ አንድ መስመር ሲከራከሩ፣ ሲመልሱት፣ እንደገና ሲጀምሩት ቆም ብሎ ማየት ይችል ነበር። ልጆቹ መሣሪያውን በውሰት ይወስዳሉ፣ ለትምህርቱ አይከፍሉም። ከፍ ያሉት ደግሞ ከኳርቴት ልምምዳቸው ጋር ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሰፈራቸው የሚወያዩበት ጊዜ አላቸው፤ ሩት በተማሪነቱ የትምህርት ፍልስፍና አንባቢ ነበርና የትምህርት ፈላስፎቹ የማክሲን ግሪን እና የፓውሎ ፍሬሬ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይታያል። ተማሪዎቹ ከመቶ በላይ ሆኑ፣ ተራ የሚጠብቁትም በዙ።

‘ቻምበር ሙዚቃ’ የሚለውን ስም በአማርኛ ‘የእልፍኝ ሙዚቃ’ ቢሉት ከትርጉሙ አይርቅም። በአውሮፓ መሳፍንት እልፍኝ ውስጥ፣ ለጥቂት እንግዶች፣ ከእራት በኋላ እንዲደመጥ የተደረሰ ሙዚቃ ነው። እልፍኝ ባለበት ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ አለ። ያኔ በሩ ላይ የሚቆመው ባለ ማዕረግ አሽከር ነበር። ዛሬ አስከልካዩ መልኩን ለውጧል፦ የቲኬቱ ዋጋ ነው፣ ከሰፈሩ እስከ አዳራሹ ያለው ሁለት አውቶቡስ ነው፣ የት ላይ ማጨብጨብ እንዳለበት የማያውቅ ሰው የሚሰማው እፍረት ነው።

አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከፊቱ ቆሞ፣ ስሙን ጠርቶ ሲያዜምለት ያደገ ሰው የዚህን ነገር አስቸጋሪነት ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል። ሙዚቀኛ ወደ ሰው መሄዱ ምን ያስደንቃል? ሙዚቀኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?

የክላሲካል ሙዚቃ ተቋማት ከአዳራሻቸው ወጥተው የሚያደርጉትን በአማርኛ ለመናገር ሲፈለግ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ‘ወደ ሕዝብ መውረድ’ የሚለው ነው። ቃሉ ራሱ ጉዱን ያወጣዋል። የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ከፍ ብሎ የነበረ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስም ተመልሶ ይወጣል። ብዙው የዚህ ዓይነት ሥራ በእርግጥም እንደ ቃሉ ነው። መኪና ይመጣል፣ አራት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይወርዳሉ፣ በትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ አርባ ደቂቃ ይጫወታሉ፣ መሣሪያዎቹን በየስማቸው ያስተዋውቃሉ፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ፎቶው በዓመታዊ ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይወጣል። ያን ቀን ቪዮላውን አይታ ልቧ የተነካ አንዲት ልጅ ብትኖር በማግስቱ ማንን እንደምትጠይቅ አታውቅም። መኪናው ሄዷል።

ሩትና ባልደረቦቹ ሥራቸውን የሚጠሩት ‘ነዋሪነት’ ብለው ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ነዋሪ ሙዚቀኛ ከተማሪው እናት ጋር በአንድ ሱቅ ይገናኛል። ልጁ ለሦስት ሳምንት ሲቀር ያውቃል፣ ለምን እንደቀረም ይሰማል። ኮንሰርት ሲያዘጋጅ ከአድማጮቹ ግማሾቹን በስም ይጠራቸዋል፤ እነሱም መጥፎ ሲጫወት ያውቁበታል። ይህ ጸሐፊ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይሟገታል፤ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት ሳይሆን፣ በጀት የሚያዝለት፣ ሽልማት የሚሰጠውና በጋዜጣ የሚወደሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ዓይነት ስለሆነ ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ሲለመን የሚቀርበው ምክንያትም ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን ያሳንሰዋል። በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ አጭር ጥናት፣ ሞዛርትን ለአሥር ደቂቃ ያዳመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቅርጽና ስለ ቦታ በሚጠይቅ ፈተና ለጥቂት ደቂቃዎች የተሻለ ውጤት አመጡ አለ። ወሬው ከዚያ ወጥቶ እያደገ ሄደና ሞዛርት ሕፃናትን ብሩህ ያደርጋል የሚል ሆነ። በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ሕፃን የክላሲካል ሙዚቃ ለማደል 105 ሺህ ዶላር ጠየቁ። ጥናቱ ግን አንድም ሕፃን አልነበረበትም።

ክብደት ያለው ማስረጃ የሚገኘው ከቬኔዝዌላ ነው። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በ1975 የጀመሩት ኤል ሲስቴማ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን በኦርኬስትራ ያቀፈ፣ በዓለም ዙሪያ የተኮረጀ የሙዚቃ ትምህርት ሥርዓት ነው። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በ2017 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 የሆኑ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን በ16 ማዕከላት ተከታተለ። ራስን በመግዛት ረገድ መጠነኛ መሻሻል ታየ፤ ዐመፅ ባለበት አካባቢ ያደጉ ወንዶች ልጆች ጠበኝነታቸው ቀነሰ። አእምሯዊ ችሎታን በሚለኩት ፈተናዎች ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ይበልጥ የሚቆጠቁጠው ሌላ ቁጥር ነው። ድሆችን ለማንሣት በሚል ስሙ በገነነው ፕሮግራም ከተመዘገቡት መካከል ድሃ የሆኑት ልጆች 16.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በሚኖሩባቸው ግዛቶች የነበረው የድህነት መጠን 46.5 በመቶ ነበር።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው የሱቁን መስኮት በሌላ ዓይን ያየዋል። ‘ነፃ ነው’ ተብሎ በር ቢከፈት ቀድሞ የሚደርሰው ማስታወቂያውን ያነበበው፣ መኪና ያለው፣ ከሥራ ቀደም ብሎ መውጣት የሚችለው ወላጅ ነው። ድሃው ልጅ በሩ ክፍት መሆኑን የሚሰማው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ነው። በእግሩ ሲያልፍ በመስታወቱ ያየው ልጅ ግን ምዝገባ መኖሩን የሚነግረው ሰው አያሻውም።

ኤል ሲስቴማ ኦርኬስትራን መረጠ፤ ፕሮቪደንሶች ኳርቴትን። እዚህ ላይ ገለልተኛ መሆን ይከብዳል። ኦርኬስትራ ያምራል፣ ብዙ ሕዝብ ይይዛል፣ ፎቶውም ግሩም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በትር ይዞ መድረኩ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ሁሉ እሱን ያያል። በ2014 እንግሊዛዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ጄፍሪ ቤከር ስለ ኤል ሲስቴማ ባሳተሙት መጽሐፍ የተቹትም ይህንኑ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሥርዓት ነበር። ኳርቴት ውስጥ በትር የያዘ የለም። አራቱ የሚጀምሩት በትንፋሽ ነው፤ አንዱ በአፍንጫው ትንሽ አየር ሲስብ ሌሎቹ ሦስቱ የፍጥነቱን ልክ ከዚያች ትንፋሽ ይወስዳሉ። ከአሥራ ስድስት ቫዮሊኖች መካከል አንዱ ቢዘል አይሰማም። ከአራቱ አንዷ ቪዮላ ብትዘል ግን ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህ አስፈሪ ነው። ‘እንደገና ከዚህ እንነሣ’ የማለት መብት ያላት መሆኗ ግን የዚያኑ ያህል አዲስ ነገር ነው። ስለ ኳርቴት ብዙ መዘመርም አይገባም፤ ለዓመታት አብረው ሲጫወቱ ቆይተው ከመድረክ ውጪ የማይነጋገሩ አራት ሰዎች በታሪክ ሞልተዋል።

ከመሀል ወንበር ከተነሡት ወጣቶች ሁለተኛው ናታን ሽራም ይባላል። የአታካ ኳርቴት ቪዮላ ተጫዋች ነው፤ ቡድኑ የካሮላይን ሾውን ድርሰቶች ባስቀረጸበት ‘ኦሬንጅ’ በተባለው አልበም በ2020 ግራሚ አሸንፏል። ሽራም ቬኔዝዌላ ሄዶ ኤል ሲስቴማ በእስር ቤቶች ውስጥ የሚያካሂደውን ፕሮግራም ካየ በኋላ በ2013 ሚዩዚካምቢያ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የመጀመሪያ ሥራውን የያዘው ከኒው ዮርክ በስተሰሜን በሃድሰን ወንዝ ዳር ባለው፣ ጥበቃው ጥብቅ በሆነው በሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት ነው። ታራሚዎቹ ኖታ ማንበብ፣ መሣሪያ መጫወት፣ ሙዚቃ መድረስ ይማራሉ፤ የደረሱትንም ከውጭ የሚገቡት ሙዚቀኞች ከነሱ ጋር ሆነው ይጫወቱታል።

እዚህ ላይ የነገሩ አቅጣጫ መገልበጡን ማየት ያሻል። ሙዚቀኛው ቤትሆቨንን ይዞ ሊያሰማ አልገባም፤ ወይም ለዚያ ብቻ አልገባም። ታራሚው የጻፈውን ኖታ ፊቱ አስቀምጦ፣ ‘ይህቺን በዝግታ ነው ወይስ በፍጥነት የፈለግኻት?’ ብሎ ደራሲውን ይጠይቃል። ደራሲው ሃያ ዓመት የተፈረደበት ሰው ቢሆንም ስለዚያች መስመር የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። የሌላውን ዜማ መሀል ሆኖ መደገፍ ለቪዮላ ተጫዋች የዘወትር ሥራው ስለሆነ አይከብደው ይሆናል። ይህ የጸሐፊው ግምት ነው፤ ቼሎ ተጫዋቾች ቢቃወሙት አይፈረድባቸውም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም። ከጓቴማላ የመጣች ልጅ የሃይድንን ኳርቴት መማሯ ለምን ይጠቅማታል? ይህ ነገር ያው የድሮው ሚሲዮናዊነት፣ መስቀሉን በቪዮላ የተካ አይደለም ወይ? ጥያቄው ከጠላት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሙዚቀኞችም እርስ በርስ ይጠያየቁበታል። ‘ታላቅ ሙዚቃ የሁሉም ነው’ ብሎ መገላገል አይቻልም፤ ለሁሉም ነው የሚባለው ነገር በተግባር የማን እንደነበር የእልፍኙ አስከልካይ ይመሰክራል።

የአዲስ አበባ አንባቢ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ የሚያነሣው የራሱ ታሪክ አለው። በ1924 አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ በሚያደርጉት ጉዞ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመን ገዳም ውስጥ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ‘አርባ ልጆች’ የተባለው ባንድ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲሆን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መንገድ የተጀመረው ከነዚያ ልጆች ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ትዝታንና አንቺ ሆዬን ለምደው የቤት ልጅ ሆኑ፤ ዛሬ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ሳክስፎን ሲነፋ ‘የሰው አገር ዕቃ ነው’ የሚል አይሰማም። መሣሪያ የሚዋደደው ከቆየበት ቤት ጋር ነው። ግን ለመዋደድ ጊዜ ወስዷል፤ ባንዱ መጥቶ፣ ነፍቶ፣ በማግሥቱ ወደ ኢየሩሳሌም ቢመለስ ኖሮ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር።

አርመን ከተነሣ ኪም ካሽካሺያንን መጥራት ግድ ነው። በዲትሮይት የተወለዱ የአርመን ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊት ሲሆኑ፣ በዘመናችን ካሉት የቪዮላ ተጫዋቾች በግንባር ከሚጠሩት አንዷ ናቸው፤ በ2013 የኩርታግንና የሊጌቲን የቪዮላ ሥራዎች በቀረጹበት አልበም ግራሚ ተሸልመዋል። በ2010 ቦስተን ውስጥ ‘ሚዩዚክ ፎር ፉድ’ የሚባል እንቅስቃሴ ጀመሩ። ሙዚቀኞቹ ያለ ክፍያ የእልፍኝ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ አድማጩ ምግብ ወይም ገንዘብ ይዞ ይመጣል፣ የተሰበሰበው ሁሉ በዚያው አካባቢ ለተቸገሩ ምግብ ለሚያድል ድርጅት ይሰጣል። ሐሳቡ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ተዛምቷል። በዚህ ውስጥ ደስ የሚለው ነገር ሙዚቃው ረሃብን ያስታግሣል የሚል ጉራ አለመኖሩ ነው። ሙዚቃው ሙዚቃ ነው፣ መኮሮኒው መኮሮኒ ነው፤ ሁለቱም በአንድ በር ይገባሉ።

ወደ ፕሮቪደንስና ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ እንዲህ ያለው ሥራ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ነውና። በ2006 የኒው ዮርከር መጽሔት የሙዚቃ ሐያሲ አሌክስ ሮስ ፕሮቪደንስ ድረስ ሄዶ ስለ ሩትና ስለ ባልደረቦቹ በሰፊው ጻፈ። በ2010 የማክአርተር ፋውንዴሽን ሩትን ከዓመቱ ተሸላሚዎች አንዱ አደረገው፤ ሽልማቱ በአምስት ዓመት የሚከፈል 500 ሺህ ዶላር ነበር፣ ‘ለዚህ አውለው’ የሚል ትእዛዝ የለውም። እነዚህ ነገሮች ይረዳሉ። ነገር ግን የሱቁን ኪራይና የአራት ሰዎችን ደመወዝ በየወሩ የሚከፍል ሽልማት የለም። እዚህ ላይ የሩት ሐሳብ ከብዙ በጎ ፈቃደኞች ሐሳብ ይለያል፦ ሙዚቀኛው ሰፈር ውስጥ የሚሠራው ሥራ የቅዳሜ ጽድቅ ሳይሆን ሙያ ነው፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው፣ እንደ ክሊኒኩ ነርስ። ሙያ ከሆነ ደመወዝ አለው፣ ሥልጠናም አለው።

ሥልጠናው በሁለት በኩል ይታያል። ድርጅቱ ራሱ በ2006 ወጣት ሙዚቀኞች ለሁለት ዓመት ሰፈሩ ውስጥ እየሠሩ የሚማሩበትን ፕሮግራም ጀመረ። በዚያው መንፈስ በኮኔቲከት ኒው ሄቨን ሚዩዚክ ሄቨን፣ በሮድ አይላንድ ኒውፖርት ደግሞ ኒውፖርት ስትሪንግ ፕሮጀክት ተነሡ፤ ሁለቱም ኳርቴት ሰፈር ውስጥ የሚያስቀምጡ ናቸው። በ2007 ደግሞ ካርኔጊ ሆልና ጁሊያርድ ትምህርት ቤት አሁን አንሳምብል ኮኔክት የሚባለውን ፕሮግራም ከፈቱ፤ ገና ከኮንሰርቫቶሪ የወጡ ሙዚቀኞች መድረክ ላይ እየተጫወቱ በኒው ዮርክ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ያስተምራሉ። ሽራም ካለፉበት አንዱ ነው። ከነዚህ ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ኮንሰርቫቶሪዎች ግን እስከ ዛሬ ተማሪውን የሚያዘጋጁት ለዚያች ለአንዲት የኦርኬስትራ ወንበር ነው፤ ወንበሯን ያላገኘው ራሱን እንደ ተሸናፊ ቆጥሮ ይወጣል። የዌስትሚኒስተር ጎዳናው ኳርቴት ለአንድም ሰው ተሸናፊ አይመስልም ነበር። በ2024 ድርጅቱ በዚያው ጎዳና ላይ ለራሱ የተሠራ፣ የኮንሰርት ክፍል ያለው ሕንፃ ከፍቷል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ልጆች እስከ ሕንፃው 27 ዓመት ፈጅቷል።

ለምን ያን ያህል መቆየት እንዳስፈለገ ከሁሉ የተሻለ የሚያስረዳው ራሱ መሣሪያው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሙሉ ቪዮላ አገጩ ሥር ሊይዝ አይችልም፤ ክንዱ አይደርስም። ስለዚህ ቪዮላ እንደ ጫማ በልክ ይሠራል፦ 12 ኢንች፣ 13፣ 14፣ 15፣ ከዚያ በላይ። ከዚያም ያነሰ ሲያስፈልግ ትንሽ ቫዮሊን ላይ የቪዮላ ክር ይወጠርለታል። መምህሩ ልጁን አቁሞ ግራ ክንዱን ያስዘረጋዋል፣ ከአንገቱ እስከ መዳፉ ይለካል፣ ጣቶቹ የመሣሪያውን ራስ ጫፍ መጠቅለል መቻላቸውን ያያል። በነፃ መሣሪያ የሚያውስ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ልክ ማኖር አለበት፣ የሚቆረጠውን ክር፣ የሚሳሳውን የደጋን ፀጉር መተካት አለበት። ልጁ በዓመት በዓመት ያድጋል። በመስከረም 13 ኢንቹን ይዞ ይመጣል፣ ክንዱ ይለካል፣ 13ቷ ትወለወልና 14 ይዞ ይሄዳል። አዲሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይከብደዋል፣ ድምፁም ወፍሮበት ግራ ይገባዋል። በ13ቷ መያዣ ሣጥን ውስጥ ደጋኑ የሚቀባው ሙጫ ተሰብሮ ቀርቷል፤ መምህሩ ያንን አራግፎ ለሚቀጥለዋ ልጅ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣታል።